ከማዶ የተተከለው ሣር

ዝናቡ የድንኳኑን ሸራ መምታት ሲጀምር ለቀስተኛው ሁሉ ፊቱን ወደ ቤቱ ጀርባ አዞረ።

ሕዝቅያስ ይህን ያየው ጥግ ላይ ከተነጠፈለት ፍራሽ ሆኖ ነው። ሚስቱ ታቢታ የተቀበረችው ትናንት ነበር። ከቤተ ክርስቲያን የመጡት ሴቶች መዝሙሩን አላቋረጡም፤ ድምፃቸው ግን ቀነስ አለ፣ ዓይናቸውም እንደ ሌላው ሁሉ ወደ ጓሮ ሄደ። ከጓሮው አጥር ቀጥሎ ቦረቦሩ አለ። ጎርፍ ዓመት በዓመት እየቆፈረ የከፈተው ጥልቅ ስንጥቅ ነው፤ የእሱን ግቢ ከጎረቤቱ ከአብዱልሃሚድ ማሳ ይለያል።

«ውኃውን የሚይዘው የላይኛው ክትር ዘንድሮ አልተጠገነም» አለች አንዷ በሹክሹክታ።

«ማን ይጠግነው? እሷ ከጥር ጀምሮ አልጋ ላይ ናት።»

«ናት አትበይ እንግዲህ።»

«እውነትሽን ነው። ነበረች።»

ዝናቡ ካፊያ ሆኖ አለፈ። ሰዉ ፊቱን መለሰ፤ ሻይ ዞረ፤ ቆሎ የያዘው ሳህን ከእጅ ወደ እጅ ተሻገረ። ልጁ ሄራን ብርጭቆ ይዛ አጠገቡ በርከክ አለች። ሄራን ያለችው አንድ ልጁ ናት። መሃል ከተማ ከባሏ ጋር ትኖራለች፤ ፒያሳ አንድ መድኃኒት ቤት ውስጥ ትሠራለች።

«አባዬ፣ ትንሽ ቅመስ።»

«ሰዉ ምን አይቶ ነው?»

«መቼ?»

«አሁን፣ ሲዘንብ። ሁሉም ወደ ጓሮ ዞሩ።»

ሄራን ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጠች። «እማዬን እየጠበቁ ነው» አለች። «ዝናብ ሲጀምር ላስቲኳን ደርባ፣ መኮትኮቻዋን ይዛ የምትወጣው እሷ ነበረች። ያን ማየት ለምደው ነው፤ ሌላ አይደለም።»

 ሕዝቅያስ ራሱም ወደ ጓሮ ዞሮ ነበር።

*

ሕዝቅያስ ዕድሜውን የጨረሰው የመንገድ ሥራ ማሽን፣ ግሬደር ላይ ነው። መንገድ ይቆርጣል፣ ይደለድላል፣ ያ ሲያልቅ ማሽኑ በሎቤድ መኪና ተጭኖ ወደ ሌላ ካምፕ ይሄዳል፤ እሱም ይከተላል። ቆላው ደጋው ሁሉ የሚታወሰው በአፈሩ ነበር። ጥቁሩ ክረምት ላይ ጎማ ያስራል፤ ነጩ ዓይን ያቃጥላል። ቤቱ የሚመጣው ለበዓልና ለዓመት ፈቃድ ብቻ ነበር፤ ታቢታም ልጅዋን ይዛ እዚህ ቱላ ትጠብቀዋለች።

አንድ ጊዜ ብቻ ሥራው ራሱ ወደ እሱ መጣ። ሄራን ገና ትምህርት ቤት ሳትገባ፣ ከቱላ ወደ ኮረብታው የሚወጣ መንገድ እንዲቆረጥ ተወሰነና ግሬደሩ ላይ እሱ ተመደበ። ያን ዓመት በየምሽቱ ቤቱ አደረ። ታቢታ ምሳውን እስከ ማሽኑ ድረስ ታመጣለት ነበር፤ ጥላ ስር ተቀምጠው ይበላሉ፤ ሕፃኗን ጭኑ ላይ አስቀምጦ መሪውን ያስይዛታል። የኮረብታው አፈር ቀይና ለስላሳ ነበር። የግሬደሩ ምላጭ ሲገባበት አይጮህም፤ እየተጠቀለለ ወደ ዳር ይወርዳል። በሕይወቱ እንደዚያ ያማረ መንገድ አላወጣም። በኋላም ለፈቃድ በመጣ ቁጥር የሄራንን እጅ ይዞ ይወጣና፣ «ይኼን አባትሽ ነው የሠራው» ይላታል። ልጅቱ በየጊዜው እንደ አዲስ ትሰማዋለች።

በመንገዱ ዳር ቦይ ወጣ። ቀድሞ በየሣሩና በየቁጥቋጦው ስር ተበታትኖ የሚቀረው የኮረብታው ውኃ በሙሉ ቦዩ ውስጥ ተሰበሰበ፤ ከዚያም በአንድ ቱቦ መንገዱን አቋርጦ ከአብዱልሃሚድ ማሳ በላይ ተለቀቀ። ቦረቦሩ በመጀመሪያው ክረምት ሕፃን የሚዘለው ጭረት ነበር። በተከታዩ ክረምት አንዲት ላም ገብታበት መውጣት አቃታት። ከዚያ በኋላ የአብዱልሃሚድን እንሰት ከነሥሩ እየነቀለ መውሰድ ጀመረ። ያኔ ሕዝቅያስ ሌላ አገር፣ ሌላ መንገድ ላይ ነበር።

ፈቃድ በመጣበት አንድ ጊዜ ታቢታን ቦረቦሩ ውስጥ አገኛት። ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ አፈር የሞላ የማዳበሪያ ከረጢት ትደረድራለች። ከላይ ሆኖ እያያት ሳቀ።

«ይኼ ሁሉ ልፋት ምን ያደርጋል? አንድ ቀን ዶዘር ለምኜ አመጣና በግማሽ ቀን እደፍንልሻለሁ።»

«ዶዘሩ ይሄዳል፤ ክረምቱ ግን በየዓመቱ ይመጣል» አለችው ቀና ሳትል። ከዚያ ቀና ብላ እሷም ሳቀች። «ይልቅ ያን ማዳበሪያ አቀብለኝ።»

አንዱን አቀበላትና ጓደኞቹን ሊያገኝ ወጣ። በድንኳኑ ውስጥ ሆኖ የሚያስታውሰው አሁን ይህንኑ ነበር። ለምን አንድ ብቻ እንዳቀበላት ራሱን ጠየቀ። የቦረቦሩን ነገር የእሷ ጉዳይ አድርጎ ትቶት ነበር፤ የሌላ ሰው ሚስት ዶሮ እንደምታረባው፣ እሷ ደግሞ ቦረቦር አላት ብሎ። ጡረታ ወጥቶ ቤቱ ጠቅልሎ ሲገባ የቦረቦሩ ወለል አረንጓዴ ሆኗል፤ ዳርና ዳሩን አፈር የሚይዘው ደሾ ሣር ሞልቶታል፤ ከብት አይገባበትም። ሴቶቹ ሣሩን እያጨዱ ለላሞቻቸው ይወስዳሉ። ሁልጊዜም እንደዚያ የነበረ ይመስል አየውና አለፈው።

*

ከሰዓት በኋላ ከከተማ የመጡ ሁለት ሰዎች ከሕዝቅያስ ኋላ ተቀምጠው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ።

«ቦታው እኮ ቦታ ነው። ከተማው እስከዚህ ደርሷል።»

«ገደል ያለበት ምን ይሠራል?»

«የሕንፃ ፍርስራሽ ይደፋበታላ። ሞልቶ ሲደለደል ቤት ይወጣበታል። ያኛውን ሰፈር አላየህም?»

ሄራንም ሰማቻቸው። ማታውን ሰዉ ቀለል ሲል ከአባቷ አጠገብ ተቀመጠችና ነጠላዋን ጉልበቷ ላይ ሰበሰበች።

«አባዬ፣ እኛ ጋ ክፍል አለ። ብቻህን እዚህ ምን ትሠራለህ? ቤቱን አከራይተን መምጣት ትችላለህ። ዛሬ መልስ አልጠይቅህም።»

«እናትሽ ሆስፒታል እያለች በየቀኑ ምን እንደምትጠይቀኝ ታውቂያለሽ?»

«ምን?»

«‹ዛሬ ዘነበ?› ትለኛለች። ገና እንደገባሁ፤ ሰላም እንኳ ሳንባባል። ልቧ እንዳይከፋ ብዬ አልዘነበም እላታለሁ። ብርድ ትፈራለች ብዬ ነበር። ቱላ ግን እየዘነበ ነበር።»

ሄራን የአባቷን እጅ ያዘች። «እኔንም ትጠይቀኝ ነበር» አለች። «እኔ ግን ዘንቧል እላታለሁ። ከዚያ ‹ክትሩን አየሽው?› ትለኛለች። አላየሁትም። ከሥራ በቀጥታ ነበር የምሄደው።»

 ከቤት ውስጥ ዕቃ የሚታጠብ ድምፅ ይሰማል።

*

በሦስተኛው ቀን አብዱልሃሚድ እንደ ሁለቱ ቀናት ሁሉ በጠዋት መጣ። ለቅሶው ከተጀመረ አንስቶ አልቀረም። በመዝሙሩ ሰዓት አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል፣ በጸሎቱ ሰዓት እጁን ዘርግቶ በራሱ መንገድ ይጸልያል፣ ሲመሽ ሳይሰናበት ይሄዳል። እሱና ሕዝቅያስ እኩያ ናቸው፤ አብረው ከብት ጠብቀዋል። ለዓመታት ግን ከሰላምታ ያለፈ ነገር በመካከላቸው አልነበረም። ሕዝቅያስ ይህን የርቀት ጉዳይ አድርጎ ወስዶት ነበር፤ እሱ በካምፕ፣ ሌላው በማሳው።

«የሄራን አባት፣ ትንሽ ፀሐይ ላይ ብንቀመጥ?» አለ አብዱልሃሚድ በሲዳምኛ።

ከድንኳኑ ውጪ፣ ከአጥሩ ስር ባለ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ሆኖ ቦረቦሩ ይታያል። አብዱልሃሚድ ዱላውን ጉልበቱ መካከል አቆመ።

«አንድ ነገር ልነግርህ ነበር። እንዳልናገር አስምላኝ ነበር፤ አሁን ግን እሷ የለችም። ዝም ብዬ ብቀር የእሷ ውለታ እላዬ ላይ የሚቀር መሰለኝ።»

«ተናገር።»

«እንሰቴ ገደል የገባ ዓመት ልከስህ መጥቼ ነበር። እዚህ ደጅህ ድረስ። ከአያቴ የወረስኩት ጓሮ ነበር፤ አንድ ክረምት ላይ ግማሹ ሄደ። ልጆቼ የሚበሉትን ነው የወሰደብኝ። ሽማግሌ ፊት አቆመዋለሁ፣ መንገዱን የቆረጠው እሱ ነው፣ ማሽኑ ላይ ተቀምጦ ቱላ ሁሉ አይቶታል ብዬ ጮህኩባት። አንተ አልነበርክም።»

ሕዝቅያስ ወደ ኮረብታው ተመለከተ። መንገዱ ከዚህ ሲታይ ቀይ ክር ይመስላል።

«እሷ ምን አለች?»

«በርጩማ አውጥታ አስቀመጠችኝ። እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ፣ ‹እሱ ምልክት አድርገው ያሳዩትን ነው የሚቆርጠው፤ ቢሆንም እጁ አለበት፣ አልክድህም› አለች። ‹ሽማግሌ ፊት ግን አታቁመው። መጀመሪያ ላቁመው ልሞክር› አለችኝ። ምኑን ስላት፣ ውኃውን አለች። ሳቅሁባት። እውነቴን ነው የምልህ፣ ስቄባት ነው የሄድኩት።»

«ከዚያስ?»

«በማግስቱ ጠዋት ወጥቼ ባይ ቦረቦሩ ውስጥ አለች፤ ሣር ትተክላለች። በእናንተ በኩል እንዳይመስልህ። በእኔ በኩል ነው። ያን ክረምት ሁሉ የሠራችው የእኔን ዳር ነው። የራሷ ግቢ እየተናደ፣ የጓሮ አጥሯ ገደል እየገባ፣ መጀመሪያ የእኔን ያዘችልኝ። ሚስቴ አፍራ ወረደችላት። ከዚያ ሌሎቹ ሴቶች። በመጨረሻ እኔም ወረድኩ።»

አብዱልሃሚድ የዱላውን ጫፍ አፈሩ ውስጥ ጫነ።

«እንዳልነግርህ ያስማለችኝ ለምን እንደሆነ ታውቃለህ? ‹ያን መንገድ ይወደዋል› አለችኝ። ‹ልጅቱን እጇን ይዞ ያሳያታል፤ እሱን አትውሰድበት› አለች። ይኸው ነው። ይህን ልነግርህ ነው ሦስት ቀን የተመላለስኩት።»

ከድንኳኑ የመዝሙር ድምፅ ይመጣል። ሕዝቅያስ ተቀምጦ ቦረቦሩን አየ። በስንት ዓመቱ እንደሆነ እንጃ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አጥብቆ አየው። በእሱ በኩል ያለው ሣር ገና ቀጭን ነው፣ አፈሩ በመካከል ይታያል። ከማዶ ያለው ግን ወፍራም ነው፤ አንዱ ከአንዱ ተያይዞ፣ ከላይ እስከ ታች አንድ ሆኗል። በየቀኑ በዚህ ሲያልፍ ይህን አላየውም ነበር።

*

ቀትር ላይ ኮረብታው ጠቆረ። ዝናቡ ቱላ ሳይደርስ ውኃው ደረሰ፤ ከላይ ከመንገዱ በኩል እንደ ጭነት መኪና ጉርምርምታ ይሰማ ጀመር። ሰዉ እንደገና ፊቱን ወደ ጓሮ አዞረ። ሕዝቅያስ ከፍራሹ ተነሣ።

«ወዴት ነው?» አሉ የእድሩ ሰብሳቢ አቶ ዓለማየሁ። «ሐዘንተኛ ከድንኳን ይወጣል እንዴ? ቁጭ በል ልጄ፣ ወጣቶቹ ያዩታል።»

«እመለሳለሁ አባባ። እርስዎ ይቀመጡ።»

ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ወደ ቦረቦሩ ወረደ። የላይኛው ክትር ጋ ሲደርስ ድንጋዩ እንዳለ ነው፤ ውኃው ግን ድንጋዩን ትቶ በትከሻው፣ ክትሩ ከገደሉ ዳር በሚገናኝበት በኩል መንገድ አግኝቷል። ከአብዱልሃሚድ ወገን ያለውን አፈር እየገመሰ ይወስዳል። ሕዝቅያስ ትልቅ ድንጋይ አንሥቶ ውኃው መሃል ጣለ። ውኃው ዞረው። ሌላ ጣለ። እጁ የሚያውቀው አፈርን በመሪ መግፋት ነበር፤ አሁን ግን ባዶ እጁን ነው።

«ጋሼ፣ እዚያ አይደለም» አለች ከኋላው አንዲት ሴት። የሰፈሩ ልጅ ጽጌ ናት፤ ታቢታ ሠርጓን የደገሰችላት። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራለች። «ከትከሻው ነው የሚጀመረው። ከጎን ከጎን ይያዝና መሃሉ በኋላ። እትዬ ሁልጊዜ እንደዚያ ነበር የምታስጀምረን።»

«አሳዪኝ።»

ጽጌ አሳየችው። ከኋላዋ ሌሎቹ ሴቶች እየወረዱ ነበር፤ መዝሙር ይዘምሩ የነበሩትም፣ ሻይ ይቀዱ የነበሩትም። አብዱልሃሚድ ከነልጆቹ ከማዶ መጣ። ከድንኳኑ ወንበር የለቀቁት ወንዶች በትከሻቸው ድንጋይ ተሸክመው ደረሱ። ሄራን የከተማ ጫማዋን ጥላ በባዶ እግሯ ወረደችና የማዳበሪያውን አፍ በሁለት እጇ ከፈተችለት፤ ሕዝቅያስ በአካፋ አፈር እየሞላ፣ እሷ አፉን እያሰረች፣ ሌሎቹ እየተቀባበሉ ወሰዱት። ዝናቡ በላያቸው ላይ ነው። የሚናገር የለም፤ «ያዝ»፣ «ልቀቅ»፣ «ወዲህ» ከማለት በቀር። የመጨረሻውን ማዳበሪያ ግን ሕዝቅያስ ለማንም አላቀበለም፤ ራሱ ተሸክሞ ራሱ አስቀመጠ፣ ጽጌ ባሳየችው ቦታ ላይ።

ውኃው ሲደክም የክትሩ ትከሻ ቆሞ ነበር። ሁሉም አልዳነም። ታች ያለው አዲስ ሣር ተወስዷል፤ የአብዱልሃሚድ አጥር አንድ ወገኑ ገደል ገብቷል። እንሰቱ ግን በቦታው ነው፤ ቅጠሎቹ ውኃ እያንጠባጠቡ ቆመዋል።

አቶ ዓለማየሁ ጃንጥላቸውን ይዘው ከላይ ከገደሉ አፍ ደርሰዋል። የዕለቱ የማጽናኛ ጸሎት በድንኳን እንዲሆን ተይዞ ነበር፤ ሰዉ ሁሉ እዚህ መሆኑን ሲያዩ ኮፍያቸውን አወለቁና እዚያው ጸለዩ። አጭር ነበር። የታቢታን ስም ጠሩ፤ ጭቃ የለበሱት ሁሉ «አሜን» አሉ፤ አብዱልሃሚድም «አሚን» አለ።

ሲመለሱ አብዱልሃሚድ በጀሪካን ውኃ አመጣና በሕዝቅያስ እጅ ላይ አፈሰሰለት።

«ብትከሰኝ ጥሩ ነበር» አለ ሕዝቅያስ ጭቃውን እያሸ። «ቢያንስ አውቀው ነበር። እረዳት ነበር።»

«እኔም አንዳንዴ እንደዚያ አስባለሁ» አለ አብዱልሃሚድ። «ግን እኮ እንዲህ ለቅሶ ላይ አንቀመጥም ነበር፣ እኔና አንተ።»

ሄራን ድንኳኑ በር ላይ ቆማ እግሯን ትጠርጋለች። አባቷ ሲደርስ ነጠላዋን አውልቃ ትከሻው ላይ ጣል አደረገችለት።

«አባዬ፣ ያ ክፍል…»

«ክረምቱ ይውጣ» አላት። «ትከሻው ገና ልል ነው፤ ደሾ መትከል አለብን፣ ጽጌ ታሳየኛለች። መስከረም ላይ መጥቼ እሰነብትባችኋለሁ።»

«ቅዳሜ ቅዳሜ እኔም እመጣለሁ።»

«ጫማ ይዘሽ ነይ» አለ። ሁለቱም ፈገግ አሉ፤ ፈገግታው ፊታቸው ላይ ሳይቆይ ሄራን አለቀሰች፣ እሱም አቀፋት።

*

በማግስቱ የእድሩ ወጣቶች ድንኳኑን ለመንቀል መጡ። ሰማዩ ጠርቶ ነበር። ገመዱን ፈቱ፤ ሸራውን በአራት ማዕዘን አጣጥፈው ጋሪ ላይ ጫኑ፤ ካስማዎቹን አንድ በአንድ እየነቀነቁ ከመሬት አወጡ። ወንበሮቹ ተቆጠሩና ሄዱ። ግቢው በድንገት ሰፊ ሆነ። በለቀስተኛ እግር የተረገጠው ሣር ተኝቷል፤ ካስማዎቹ የነበሩበት ቦታ ሁሉ በተረገጠው ሣር ዳር ዳር ትናንሽ ጉድጓድ ሆኖ ቀርቷል።

ሄራን ቤት ውስጥ የእናቷን ልብስ ታጥፋለች። ሕዝቅያስ ብቻውን ግቢው መካከል ቆሞ ነበር። ከዚያ በርከክ አለ። ከጉድጓዶቹ ወደ አንዱ በእጁ አፈር ሰብስቦ ጨመረ፤ እርጥብ ስለነበር ቶሎ ሞላ። በመዳፉ ጠቀጠቀው፣ ትንሽ ጨመረበት፣ እንደገና ጠቀጠቀው፤ ከመሬቱ ጋር እኩል እስኪሆን።

ከጨረሰም በኋላ እጁን ከአፈሩ ላይ አላነሳም።